ፒኑን ማን ያውቃል?

አጎቴ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ውስጥ ድርያና ሽቲ ይሸጣል። አምና ሰኔ ላይ፣ ሰው ሁሉ ጥላ በሚፈልግበት ሰዓት፣ ለደንበኛ ጨርቅ እያጠፈ ሳለ ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው። ወዲያው ምላሱ ተያዘ። ጎረቤት ባለሱቆች ተጋግዘው ባጃጅ ላይ ጫኑት። ስትሮክ ነበር።

ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ሁላችንም የምናስበው አጎቴን ነው። ስልኩን ያሰበው የለም። ሚስቱ ቦርሳ ውስጥ ነበር፤ 9 ፐርሰንት ቻርጅ ቀርቶታል። ሌሊት ላይ ጠፋ። ጠዋት ቻርጅ ሰክተን አበራነውና የግራ አውራ ጣቱን ይዘን አስነካነው። ስልኩ «ፒን ያስገቡ» አለ። እንደገና አስነካነው። ያው ነው።

የትውልድ ዘመኑን ሞከርን። የልጆቹን ሞከርን። ሐጅ የሄደበትን ዓመት ሞከርን። ስልኩ መጀመሪያ 30 ሰከንድ ጠብቁ አለ፤ ከዚያ ቆይታውን እያስረዘመው ሄደ። አጎቴ አልጋው ላይ ሆኖ ያየናል። ይሰማል፣ ይገባዋል። «ቁጥሩን ንገረን» ስንለው ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ የሚወጣው ግን ቁጥር አይደለም። በግራ እጁ እስክሪብቶ ብናስይዘው የሆነ ክብ ነገር ስሎ ተወው። (አጎትን «አንተ» ማለት ድሬ ውስጥ ነውር አይደለም፤ የሌላ አገር ሰው እንዳይታዘበን።)

ያን ያህል የተጨነቅነው ለዱቤው ነው። አጎቴ ከሐረር፣ ከአወዳይ፣ ከጅጅጋ ለሚመጡ ሴቶች ጨርቅ በዱቤ ይሰጣል። ድሮ ሰማያዊ ደብተር ነበረው። «አባ፣ ደብተር ይጠፋል፤ ስልክህ ኖት ላይ ጻፈው» ብሎ ያስተወው ልጁ ነው። በቅንነት ነው ያለው። ደብተሩ ግን ፒን አልነበረውም።

ስልኩን ከዚራ በሚባለው የድሬ ሰፈር ስልክ ለሚጠግን አንድ ልጅ ወሰድንለት። ነገሩን ሳንጨርስ ገባው። «አቦ፣ እንዲህ ያለ ሰው ሁሌ ይመጣል» አለን። «የሞተ ሰው ስልክ ይዘው የሚመጡት ደግሞ ይብሳሉ። ፎቶውን ብቻ አውጣልን ይላሉ። እኔ ማጥፋት እችላለሁ፤ መክፈት አልችልም።»

ብዙ ሰው ይህን ልዩነት አያውቀውም። ድሮ የስክሪን መቆለፊያ እንደ መጋረጃ ነበር፤ ገለጥ አድርጎ የሚገባ ባለሙያ አይጠፋም። ዛሬ ስልኩ ውስጥ ያለው ነገር በሙሉ በምስጢር ኮድ የተቆለፈ ነው። ኮዱን የሚፈታው ደግሞ ፒኑና ስልኩ ውስጥ ያለው ቺፕ አንድ ላይ ሆነው ነው። አንድሮይድ 10 ከወጣበት እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አዲስ የሚሠሩ አንድሮይድ ስልኮች ሁሉ እንዲህ እንዲሆኑ ግዴታ ሆኗል። አይፎን ከዚያም በፊት ገብቶበታል። ፎርማት ሲደረግ ቁልፉ ይጠፋል፤ ፎቶውም ኖቱም አብሮ አመድ ይሆናል። ባዶውን ስልክ እንኳ ለመጠቀም አንድሮይድ የድሮውን ጂሜይል ይጠይቃል።

አሻራ ፒኑን የሚተካ ይመስለን ነበር። አይደለም። ፒን አንዴ ከገባ በኋላ የሚሠራ አቋራጭ ነው። ስልክ ጠፍቶ ሲበራ አሻራ ዋጋ የለውም። ሳይጠፋም ቢሆን፣ አይፎን 48 ሰዓት ሳይከፈት ከቆየ ፒን ይጠይቃል፤ አንድሮይድም ፒን ከገባ 72 ሰዓት ካለፈ እንደዚያው ነው። በሠልስት ቀን ማንም ሰው የስልኩን ነገር ሲያነሳ ጊዜው አልፏል ማለት ነው። እና ሰው በድንገት ሲወድቅ ከሚያስታምሙት አንዱ ቻርጀር ይፈልግ። ስልኩ አይጥፋ፣ ሪስታርት አይደረግ፣ ሲሙም አይነቀል። እኛ ይህን ያወቅነው ከመሸ ነው።

ስለ ዲጂታል ምስጢር ሲወራ ምክሩ ብዙ ጊዜ «ፓስወርድህን ለምታምነው ሰው ስጥ» በሚል ያልቃል። እኔ ግን ምክሩ ነገሩን የሚያምታታ ይመስለኛል። ምስጢሮቻችን ሁለት ዓይነት ናቸውና። አንዳንዱን በር ሕግ ይከፍተዋል። አንዳንዱን ግን ከምስጢሩ በቀር ምንም አይከፍተውም።

ባንክ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ባንክ ከወራሽ ፒን አይፈልግም። የሚፈልገው ከፍርድ ቤት የወጣ የወራሽነት ማረጋገጫ ነው። ተከራካሪዎቹ ከተስማሙ ድሬ ላይ የሸሪዓ ፍርድ ቤትም የውርስ ጉዳይ ያያል። እ.ኤ.አ. በ2021 የመጣው ቴሌብርም፣ በ2023 የተከተለው ኤምፔሳም የገንዘብ ሒሳብ ናቸውና መንገዳቸው ያው የወራሽነት መንገድ ነው። እንዲያውም እዚህ ላይ ፒን ማወቅ ጣጣ ነው። «ባንክ ሳይሰማ ቶሎ እናውጣው» የሚል ሰው በየለቅሶው አይጠፋም። ያ ብር ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የወራሾች ሁሉ ነው። በሸሪዓ ቢሆን ደግሞ የቀብሩ ወጪ፣ ከዚያ ዕዳው፣ ከዚያ እስከ ሲሶ የሚደርስ ኑዛዜ፣ ከዚያ በኋላ ነው ወራሽ። በፒን የወጣ ብር ይህን ሁሉ ተራ ይዘላል። ወንድማማቾችን ፍርድ ቤት የሚያቆመውም እሱ ነው።

በባንክ በኩል ችግሩ ሌላ ነው። ባንኩን ማን አወቀው? ድሮ ሳጥን ሲከፈት የቁጠባ ደብተሩ ራሱ ይናገር ነበር። የባንኩ ስም አለ፣ ቁጥሩ አለ፣ የመጨረሻው ገቢ የተጻፈበት ቀን አለ። ዛሬ ሳጥኑ ውስጥ ምንም የለም። አንድ ሰው አራት ባንክ፣ ሁለት ዋሌት፣ አንድ የቁጠባ ማኅበር ሊኖረው ይችላል፤ ይህን የሚያውቀው ስልኩ ብቻ ነው። ለወራሽ የሚያስፈልገው እንግዲህ ዝርዝሩ ነው። የትኛው ባንክ፣ የትኛው ቅርንጫፍ፣ በማን ስም። ፒን አይጻፍበት። እንዲህ ያለ ወረቀት ሌባ ቢያገኘው እንኳ ብዙ አይጠቅመውም፤ ያለ እሱ ግን ቤተሰብ በየባንኩ መስኮት ሲንከራተት ይከርማል።

ሁለተኛው ዓይነት ስልኩ ራሱ ነው። ፎቶው፣ ኖቱ፣ የተቀዳው የእናት ድምፅ። ክሪፕቶ የሚባለውን ዲጂታል ገንዘብ የያዘ ወጣትም ካለ እዚህ ነው የሚመደበው፤ በራሱ ዋሌት የያዘው ከሆነ ዋሌቱን መልሰው የሚከፍቱት 12 ወይም 24ቱ ቃላት ከሌሉ የወራሽነት ማረጋገጫ ይዞ የሚሄድበት መሥሪያ ቤት የለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ኳድሪጋ የሚባል የካናዳ የክሪፕቶ መገበያያ ባለቤት ሕንድ ውስጥ ሞተ። ኩባንያው የደንበኞቹን ገንዘብ ቁልፍ እሱ ብቻ ነበር የሚያውቀው አለ። በኋላ ሲመረመር ግን አብዛኛውን ራሱ አጥፍቶት ኖሯል። ዓለም ወሬውን መጀመሪያ ላይ አምኖት ነበር፤ ቁልፍ ይዞ መሞት ያለ ነገር ነውና።

ሲም ካርድ በሁለቱ መካከል ነው። የማረጋገጫ ኮድ የሚመጣው በእሱ ነው፤ ጂሜይሉም ባንኩም ቴሌግራሙም በእሱ በኩል ያልፋል። ስለዚህ የሟችን ሲም ከለቅሶ ማግስት አውጥቶ መጣል ትልቅ ስሕተት ነው። ረጅም ጊዜ አገልግሎት ላይ ያልዋለ ቁጥር ተወስዶ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። ያኔ የሟች ኮድ የማያውቀው ሰው ስልክ ላይ ይንጫጫል። ሲሙ የራሱ ፒን ካለው ደግሞ አትገምቱ። ሦስት ጊዜ ሲሳሳቱ ፒዩኬ የሚባለውን የሲም መክፈቻ ቁጥር ይጠይቃል፤ ፒዩኬውን አሥር ጊዜ ከተሳሳቱ ካርዱ አበቃለት። ሲሙ የተገዛበትን ፕላስቲክ የሚጥል ሰው ፒዩኬውን ነው የሚጥለው።

ወደ ዱቤው ልመለስ። ለእኛ አገር ትልቁ ጉዳይ እሱ ይመስለኛል። ቀብር ላይ ከቤተሰቡ አንዱ ይነሳና «ከሟች የሚፈልግ ሰው ካለ ወደ እኛ ይምጣ» ይላል። ጥሩ ባህል ነው፤ ዕዳ ይዞ መሄድ ከባድ ነውና። ሟች የሚፈልገው ሰውስ? ያበደረ ይመጣል። የተበደረ ሲመጣ ግን እምብዛም አላየሁም። ሁሉም ክፉ ሆኖ አይደለም። አንዳንዱ የቀብሩን ቀን ያከብራል፣ አንዳንዱ ወራሹ ማን እንደሆነ አያውቅም፣ አንዳንዱ ደግሞ ደብተሩ ስልክ ውስጥ እንደተቆለፈ ሰምቷል።

አጎቴ ግን አልሞተም። ነገሩን ያከበደውም ይህ ነው።

ለሞት ሕግ መንገድ አለው። አስቸጋሪው መሀል ላይ መቅረት ነው። ሰው ታሞ ራሱን ሲስት ወይም መናገር ሲያቅተው ሒሳቡ የእሱ ነው፤ ወራሽ የሚባል ገና የለም። «ውክልና እንስጥ» አለ አንድ ዘመድ። ውክልና ግን ሰጪው ራሱ፣ አእምሮው ሳለ፣ ፈቅዶ የሚፈርመው ነገር ነው። ምላሱ የተያዘ ሰው ይዘን የሰነዶች ማረጋገጫ ቢሮ ብንሄድ ማን ይቀበለናል? ከዚያ የባሰው፣ ቀድሞ የተሰጠ ውክልናም አስተማማኝ አለመሆኑ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ወካዩ ሲሞት ወይም ችሎታ ሲያጣ ውክልናው ይቀራል። ብዙ ሰው ሚስቱን ወይም ልጁን ወክሎ «ለክፉ ቀን» ብሎ ያስቀምጣል። ውክልናው የሚቀረው ግን ያው ክፉው ቀን ሲመጣ ነው። «ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር» የምትለዋን ሐረግ ይዞ ጠበቃ ማማከር ይገባል። ስምምነቱ ከሌለ የሚቀረው ፍርድ ቤት ሄዶ፣ ሰውየው ጉዳዩን ራሱ መምራት እንደማይችል አስወስኖ፣ ሞግዚት ማስሾም ነው። እስከዚያ የሱቅ ኪራይ ይቆጥራል።

ኑዛዜስ? ሰሞኑን «ድምፄን ቀድቼ ቴሌግራም ላይ ልኬዋለሁ» የሚል ሰው ሰምቻለሁ። ሕጉ የቃል ኑዛዜ ያውቃል፤ ግን በሁለት ምስክር ፊት መነገር አለበት። ጉዳዩም ለቀብር ሥነ ሥርዓት፣ ለልጆች ሞግዚትና እያንዳንዱ ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው። ሕጉ ሲወጣ 500 ብር ብር ነበር። ቀላሉ በገዛ እጅ የሚጻፍ ኑዛዜ ነው። ሙሉ በሙሉ በራስ እጅ ጽሑፍ፣ ቀንና ፊርማ ያለበት፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ የሚናገር ይሁን። በሰባት ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ወይም ፍርድ ቤት ካልተቀመጠ ግን ይፈርሳል። ፒን እዚያ ውስጥ አይጻፍ። ኑዛዜ ይነበባል፣ ይገለበጣል፣ መዝገብ ውስጥ ይገባል። «ፖስታው እገሌ ዘንድ አለ» ማለት ይበቃል።

የውጭዎቹ ኩባንያዎች ነገሩን አስበውበታል፤ ያሰቡት ግን በብዛት ሞትን ነው። አፕል እ.ኤ.አ. ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ እስከ አምስት ወራሽ እንድንመዘግብ ይፈቅዳል። ወራሹ ቀድሞ የተሰጠውን ቁልፍና የሞት የምስክር ወረቀት ያቀርባል፤ ፎቶውን ያገኛል፣ የተቀመጡትን ፓስወርዶች ግን አያገኝም። ፌስቡክም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ገጹን የሚረከብ ሰው ያስመርጣል፤ መልእክት ማንበብ ግን አይችልም። ሁለቱም በስትሮክ ለተኛ ሰው አይሠሩም። የጉግሉ ይለያል። ሞተ አልሞተ አይጠይቅም፤ ዝም ማለቱን ብቻ ነው የሚቆጥረው። ለ3፣ ለ6፣ ለ12 ወይም ለ18 ወር አካውንቱ ካልተነካ፣ ቀድመን ለመረጥናቸው ሰዎች፣ እስከ አሥር ድረስ፣ የመረጥንላቸውን ያህል ይሰጣል። አንድሮይድ ለሞላበት ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስሙ ኢንአክቲቭ አካውንት ማናጀር ይባላል፤ አንዴ ተቀምጦ ለመሙላት አንድ ስኒ ቡና የሚያልቅበት ጊዜ ይበቃል። ካልተሞላ፣ ሁለት ዓመት ያልተነካ አካውንት ጉግል ሊሰርዝ ይችላል። ቴሌግራምም ከተወሰኑ ወራት ዝምታ በኋላ ራሱን ያጠፋል፤ የወሩን ብዛት የምንመርጠው እኛ ነን።

አንዳንዱ ደግሞ ራሱን እንዲያጠፋ ነው የሚፈልገው። እዚህ ላይ መዋሸት አያስፈልግም። ሰው ፒኑን ለሚስቱ የማይሰጠው ሁሌ ረስቶ አይደለም። ሴቷም ለባሏ። ስልክ ውስጥ የተበደረ ጓደኛ ምስጢር አለ፣ የድሮ ፍቅር አለ፣ ለእናት በድብቅ የሚላክ ብር አለ። አንድ ወዳጄ «እኔ ስሞት ስልኬን ደቻቱ ወንዝ ውስጥ ጣሉት» ይላል። ደቻቱ ዝናብ ካልጣለ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ከጣሉት የሚያነሳው አይጠፋም። ቀልዱን ትተን፣ የሚፈለገውንና የማይፈለገውን መለየት ይቻላል። ዱቤው፣ የቤተሰብ ፎቶው፣ የካርታ ቅጂው ሌላ ቦታ ይቀመጥ። የቀረው ከባለቤቱ ጋር ይቀበር።

ፒኑን የግድ መስጠት ከሆነስ ለማን? ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ ለታላቁ ልጅ ይላል። በሐረር አሚሮች ዘመን የጁገል ግንብ በሮች ማታ ሲዘጉ ቁልፎቹ አሚሩ ዘንድ ይገቡ ነበር። ታላቁን ልጅ አሚር ማድረግ ነው። አሚሩ ዱባይ ቢሄድስ? ቢጣላስ?

ከዚህ የአንዳንድ እድሮቻችን ሳጥን ይሻላል። ሦስት ቁልፍ አለው፤ ሰብሳቢው፣ ገንዘብ ያዡና ኦዲተሩ ይይዙታል። የሒሳብ ሊቁ አዲ ሻሚር እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣው ዘዴ ከዚህ ትንሽ ከፍ ይላል። ምስጢሩ ለሦስት ሰው ይከፈላል፣ ማናቸውም ሁለቱ ሲገናኙ ይከፈታል፤ አንዱ ብቻውን ግን ምንም አያውቅም። አንዱ ቢሞት ወይም ቢጠፋ ሳጥኑ አይቆለፍም። ይህ ለትልቅ ምስጢር የሚሆን በኮምፒውተር የሚሠራ ነገር ነው። በእጅ ልክፈለው ብሎ ስድስት አሃዝ ያለውን ፒን ሦስት ሦስት አድርጎ ማደል ግን አያዋጣም፤ ግማሹን የያዘ ሰው ከአንድ ሚሊዮን ወርዶ አንድ ሺህ ግምት ብቻ ነው የሚቀረው።

እኛ፣ የአጎቴ ስልክ በኋላ ሲከፈት (እመለስበታለሁ)፣ ያደረግነው ቀላሉን ነው። ስልኩ ድሬ፣ ፒኑ ሐረር። የአጎቴ እህት ጁገል ውስጥ ነው የምትኖረው። ፖስታው ታሽጎ፣ አፉ ላይ ተፈርሞበት፣ ቀን ተጽፎበት እሷ ዘንድ ተቀመጠ። ላዩ ላይ የማን እንደሆነም ምን እንደሆነም አልተጻፈም። «አማና ነው»፣ አደራ ነው ብለን ሰጠናት፤ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም። ፒን ብቻውን ለማንም አይሠራም፣ ስልክም ብቻውን እንደዚያው።

ትልቁ ጠላት የፒን መቀየር ነው። ሰው ፒን ይቀይራል፣ ፖስታው ግን አሮጌውን ይዞ ይቀመጣል። ስለዚህ ቀን ያስፈልገዋል። ዘካ የሚያወጣ ሰው በዓመት አንዴ ንብረቱን መቁጠሩ አይቀርም። እዚያው ላይ ዝርዝሩን ያድስ፣ ፖስታውን ይቀይር። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ለኩልቢ ገብርኤል ታኅሣሥ 19 ሰው ከየአገሩ ሲሰበሰብ ቢያደርጉት ያመቻል፤ ራቅ ያለውም ልጅ ያን ሰሞን እቤት ነው።

የአጎቴ ስልክ በመጨረሻ ተከፈተ። የከፈተው ራሱ ነው። ከወር በላይ ካለፈ በኋላ፣ አንድ ቀን ከሰዓት፣ ማንም ሳይጠይቀው ስልኩን ከጠረጴዛ አነሳና ግራ አውራ ጣቱ አራት ጊዜ ነካ ነካ አደረገች። ቁጥሩን ንገረን ብንለው አሁንም አይመጣለትም ነበር። ጣቱ ግን ታውቀዋለች። ሚስቱ እልል አለች።

ኖቱን ከፈትነው። ረጅም ነው። «ቀይዋ 6,200»። «የጅጅጋዋ 11,000፣ ሁለቱን ሰጥታለች»። «የባጃጁ እናት 3,500»። «ሳቂታዋ»። አንድም ሙሉ ስም የለም። ፒኑን በመጀመሪያው ቀን ብናገኘው ኖሮ እንኳ ምን እናደርገው ነበር?

ልጁ ሁለት ሙሉ ከሰዓት አጠገቡ ተቀምጦ አንድ በአንድ አነበበለት። «አባ፣ ቀይዋ ማን ናት?» አጎቴ ስሟን ማለት ሲያቅተው በእጁ ወደ ሐረር መንገድ ያሳያል፣ ከዚያ ቁመቷን፣ ከዚያ አካሄዷን። ልጁ ስም ይጠራል፣ አጎቴ ራሱን ይነቀንቃል። አብዛኛው እንዲህ ተገኘ። «ወ 14,000» የሚለው ላይ ሲደርሱ አጎቴ ብዙ አሰበ። አሁንም እያሰበ ነው።